ሁለት ተራራ፣ አንድ ድስት

አንጮቴ ጥሬውን አይበላም። ከነልጣጩ ይቀቀላል፣ ይላጣል፣ ከዚያ ነው ቅቤ የሚገባበት። ወለጋ ውስጥ ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። ነቀምቴ ተወልጄ ያደግኩት እኔ ግን ጥር 18 ቀን 2005 ዓ.ም. ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ወንጪ ተራራ ጫፍ፣ ዘጠኝ ኪሎ ጥሬ አንጮቴ ታቅፌ ቆሜ ነበር። ድስቱ ደንዲ ተራራ ላይ ነው። ወደዚያ የላክሁትም እኔው ነኝ፤ ያውም በጽሑፍ።

ነገሩ በስልክ ጀመረ። ለገና እንኳን አደረሳችሁ ሊል ከዴንቨር የደወለው የአጎቴ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ስኪ ሄዶ እንደነበር አጫወተኝ። ቅዳሜ ኪስቶን የሚባል ተራራ ላይ፣ እሁድ ጎረቤቱ ብሬክንሪጅ ላይ። ያኔ አንዱ ቲኬት ለሁለቱም ይሠራ ነበር፤ በመካከላቸው ነጻ አውቶቡስ ይመላለሳል። የአውቶቡሱን ነገር አልሰማሁም ብል እዋሻለሁ። ጆሮዬ ላይ የቀረው ግን ሁለት ተራራ በሁለት ቀን የሚለው ብቻ ነው።

በማግሥቱ ከወዳጆቼ ጋር ሻይ ቤት ተቀምጠን ስለ ስኪ አስተማርኩ። እውቀቴ በሙሉ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ ኢትዮጵያን በክረምት ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የወከለውን ሮቤል ተክለማርያምን በዜና ላይ ለአንድ ደቂቃ በማየት ነው። እሱ የተወዳደረው በአገር አቋራጭ ስኪ፣ ጉልበት በሚጨርሰው ዓይነት ነው። እኔ ከገደል ወርውሬ አስነሳሁት፣ በአየር ላይ አሽከረከርኩት፣ በመጨረሻም እጄን ሳወናጭፍ የሰው ሻይ ደፋሁ። የሒሳብ አስተማሪው ወዳጃችን ሱሪውን እየጠረገ፣ «እኛ በረዶ የምንለው ቆርቆሮ የሚደበድበውንና በቆሎ የሚያራግፈውን ነው። በሱ ላይ ነው የምትንሸራተተው?» አለኝ።

«በረዶው ይቅር፤ ተራራው ይበቃናል» አልኩ። ቤቱ ዝም አለ፤ ዝምታውን እንደ ሹመት ቆጠርኩት።

አሥራ አንድ ነበርን፤ አብዛኛው ነርስና አስተማሪ። አሥራ አንድ ሰው በተሰበሰበበት ደግሞ አሥራ አንድ ተራራ አይጠፋም። የደምቢ ዶሎው ልጅ ከቱሉ ወለል ሌላ አልሰማም አለ። ቱሉ ወለል ከ3,000 ሜትር የሚያልፍ የቄለም ኩራት ነው፤ ነገር ግን እስከ ደምቢ ዶሎ ብቻ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ቅዳሜና እሁዳችን መንገድ ላይ ያልቃል። አይሆንም ማለት ነበረብኝ። «እናያለን» አልኩት። «እናያለን» የእኔ እምቢታ ነው፤ ጣጣው ሰሚው እሺ ማለቱ ነው ብሎ መውሰዱ ነው። ልጁ እስከ መነሻችን ዋዜማ ድረስ ለእናቱ እየደወለ፣ ቅዳሜ እንመጣለን ሲላቸው ከርሟል።

አንዷ ነርስ ደግሞ፣ «ለምን ኮምቶ ጫካ አንሄድም? ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፤ ማታ ቤታችን እንገባለን» አለች። ዛሬ ሳስበው በዚያ ሻይ ቤት ከተነገረው ሁሉ ጤነኛው ሐሳብ እሱ ብቻ ነበር። ለምን እንዳጣጣልኩት ልናዘዝ፤ ኮምቶ ለመሄድ አስተባባሪ አያስፈልግም።

በመጨረሻ ወንጪና ደንዲ ቀሩ። በአምቦና በወሊሶ መካከል የተጎራበቱ የጥንት እሳተ ገሞራዎች ናቸው፤ ሁለቱም ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ሁለቱም አናታቸው ተቦርቡሮ ሐይቅ የታቀፉ። ወንጪ ጀልባ አለው፣ ፈረስ አለው፣ ውሃው መሐል ደሴት ላይ የቂርቆስ ገዳም አለው። ደንዲ ላይ ሁለት ክብ ውሃ እንደ ስምንት ቁጥር ተያይዞ ተኝቷል፤ ሰው አይበዛበትም። ነርሶቹ ጀልባ አሉ። አስተማሪዎቹ ጸጥታ አሉ። የሁለቱንም ፊት አየሁና «ሁለቱም!» አልኩ። ጭብጨባ ሆነ። ያን ጭብጨባ እስካሁን ከፍዬ አልጨረስኩትም።

እዚህ ላይ የባለቤቴን ምስክርነት ላስገባ። «አንተ ሁለት ቤት የተጠራህ ቀን በረሃብ ታድራለህ» ትለኛለች። እውነቷን ነው። አንድ እሁድ ሁለት ሠርግ ተጠርቼ፣ ማንም እንዳይቀየመኝ ብዬ፣ የአንዱን ምሳ ለሌላው ስል ትቼ ስደርስ የሌላኛውም ድንኳን እየፈረሰ ነበር። ሁለቱም ሙሽሮች ተቀይመውኛል።

ወደ ዕቅዱ ልመለስ። ሰማያዊ ደብተር ገዛሁ፤ ሦስት ቀለም እስክሪብቶ ገዛሁ። መዋጮው በሰው 400 ብር። ስድስታችን ወንጪ፣ አምስቱ ደንዲ። ቅዳሜ ከጀልባ በኋላ እኛ ወንጪዎቹ በእግር ተሻግረን ደንዲ እንደርሳለን፣ አብረን ራት እንበላለን፤ እሁድ ሁላችንም ወደ ወንጪ እንመለሳለን። የሁለቱን ተራራ ርቀት በማስመሪያ ለካሁ፤ ከ15 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ሰው በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ሦስት ሰዓት። በአረንጓዴ ጻፍኩት። ማስመሪያ ሸለቆ ገብቶ አይወጣም፣ ትንፋሽም አያጥረው።

ከዚህ ሁሉ የከፋው የዕቃው ድልድል ነው። ማን ብዙ ተሸከመ የሚል ጠብ እንዳይነሳ ስንቁን በሚዛን እኩል አካፈልኩ፤ ለሁለቱም ወገን 31 ኪሎ ከግማሽ። አንጮቴውና ብርድ ልብሱ ለወንጪ፤ ትልቁ ድስት፣ ቅቤውና ድንኳኑ ለደንዲ። ጀበናው ለወንጪ። የደንዲ ሸክም ትንሽ ሲያንስ ሚዛኑ እንዲሞላ ቡናውን ከነገለባው፣ ጀንፈሉን እንዳለ፣ ጨመርኩላቸው። ክብሪት ብቻ ለሁለቱም ደረሰ፤ ክብሪት ስለማይመዝን። ማታ ስለምንገናኝ ሁሉም ነገር ይገጥማል ብዬ ነው። የማንገናኝ ከሆነስ የሚል ረድፍ ደብተሩ ላይ አልነበረም።

የተነሣነው ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሶ፣ አርብ ማታ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 በተሸነፈ ማግሥት ነው። መነሻ ሰዓት 10 ሰዓት ሌሊት ነበር። የተነሣነው አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ነው፤ ሃያ ደቂቃውን ያባከንነው የሰዓት ሰሌዳው ያለበትን ደብተር ከቤቴ ለማምጣት ተመልሰን ነው። ሲሬን አለፍን፣ ባኮ ቁርስ በላን፣ ጌዶ ላይ ነፋስ ተቀበለን፣ ጉደር ደረስን፤ ማንም አይናገርም። እኔ ኳሱ ነው ያስከፋቸው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። አምቦ ድልድይ ላይ ስንደርስ ብቻዬን ቆሜ፣ «ይህ የሁሉቃ ወንዝ የሚነሣው ከደንዲ ሐይቅ ነው!» አልኩ። እውነት ነው፤ በዚያ ጉዞ የተናገርኩት ትክክለኛ ነገር እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ደንዲዎቹ እዚያው አምቦ ሌላ መኪና ይዘው ድስታቸውን ጭነው ሄዱ።

ወንጪ ጠርዝ ላይ ፈረስ አከራዩ ልጅ፣ «ትችላለህ?» አለኝ። «የፈረሰኛ ልጅ ነኝ» አልኩት። ይህም ውሸት አይደለም፤ አባቴ ፈረሰኛ ነበር። ፈረሱ ግን አባቴን አያውቀውም። ሦስት እርምጃ ሄዶ ሣር መጋጥ ጀመረ፤ ጎተትኩ፣ ለመንኩ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም ሞከርኩ። በመጨረሻ አሥር ዓመት የማይሞላው የአከራዩ ታናሽ ወንድም በገመድ እየጎተተ እስከ ሐይቁ አወረደን፤ እኔን ከላይ እንደ ጆንያ። ነርሶቹ ፎቶ አነሱ። ፎቶው ዛሬም ሆስፒታል ውስጥ ይዞራል።

ጀልባው ደስ ይላል፣ ደሴቱም ደስ ይላል፤ ስለሱ አላወራም፤ እኔ ያበላሸሁት ነገር ስላልነበረበት። ከሐይቁ ወጥተን ጠርዙ ላይ ስንደርስ ፀሐይዋ ጠልቃለች። ከብት የሚያስገቡ አንድ ሽማግሌ አገኘን።

«ኦቦ፣ በዚህ በኩል ደንዲ ስንት ሰዓት ያስኬዳል?»

ሽማግሌው መጀመሪያ ጫማችንን አዩ። ቀጥለው ሰማዩን አዩ። ከዚያ በጣም በትህትና፣ «ዛሬ ነው የምትሄዱት?» አሉ።

በዚያች ጥያቄ ሰማያዊው ደብተር ሞተ። ስልክ ብንሞክር ኔትወርክ የለም። አንጮቴዬን እንደታቀፍኩ የቆምኩት ያኔ ነው።

ሽማግሌው ቤታቸው ወሰዱን። ባለቤታቸው፣ «አዴ» እያልን የጠራናቸው፣ የመጣንበትን ታሪክ ሲሰሙ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው እስኪያነቡ ሳቁ፤ ከዚያ የራሳቸውን ድስት ጣዱልን። አንጮቴ ቶሎ አይበስልም፤ እስኪበስል ቆጮና ድንች አቀረቡልን። ጀበናዬን በኩራት አወጣሁ። «ቡናውስ?» አሉ። ቡናው ደንዲ ነው። «ከየት ነው የመጣችሁት?» ነቀምቴ አልናቸው። በዓለም ገበያ ለቀምቲ እየተባለ የሚሸጥ ቡና ያለው አገር! አዴ ምንም አልተናገሩም። ተነሥተው ከጓዳ የራሳቸውን ቡና አምጥተው መቁላት ጀመሩ። ብዙ ሰው በሕይወቴ ሰድቦኛል፤ እንደዚያ ዝምታ ያለ ግን አልደረሰብኝም።

ደንዲዎቹስ? ፍልቅልቅ ብለው ነው የተገኙት፤ ያንገበገበኝም ይኸው ነው። ድስት፣ ቅቤና ጀንፈል ቢቀርላቸው ከመካከላቸው አንዱ የአያቱን ቤት አስታወሰና ቡና ቀላ ሠሩ፤ ቡናውን ከነገለባው በቅቤ አብስለው በሉ። ብርድ ልብስ ስላልነበራቸው እንቅልፍ አልወሰዳቸውም፤ ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ እሳት ከበው ሲዘፍኑ አደሩ። እሳቱን ያቀጣጠሉት በሦስት ቀለም በገለበጥኩላቸው ዕቅድ ነው። ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ሲያዩት የሒሳብ አስተማሪው ኮረብታ ላይ ወጥቶ ኔትወርክ ፈልጎ ደወለልኝ። «በረዶህን አገኘነው» አለና ዘጋው።

አብረን ወደ ወንጪ ልንመለስ የነበረው ሁሉ ቀርቶ እሁድ እኩለ ቀን ላይ አምቦ አስፋልት ዳር ተገናኘን። እነሱ እኛ የማናውቀው ቀልድ ነበራቸው፤ እኛ እነሱ የማያውቋቸው አዴ ነበሩን። እስከ ነቀምቴ ሁለቱ ወገን ሲተራረቡ መንገዱ አጠረ። እኔ ግን ኩርፊያ ይዤ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጫለሁ። ያኮረፍኩት፣ እውነቱን ልናገር፣ ያለ እኔ ዕቅድ ስለ ተደሰቱ ነው። ማክሰኞ ከናይጄሪያ ጋር የነበረውን ጨዋታ አንዷ ነርስ ቤት ተሰብስበው አይተውታል። 2 ለ 0 መሸነፋችንን በሬዲዮ ሰማሁ።

ለዴንቨሩ ልጅ ስነግረው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «በሁለቱ ተራራ መሐል ምን ነበራችሁ?» አለኝ። «15 ኪሎ ሜትር» አልኩት። «እኛ አውቶቡስ አለን አላልኩህም?» አለ። ቆይቶ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እሱም ቅዳሜ ወድቆ ጉልበቱ ስላበጠ እሁድ ቀኑን ሙሉ ቡና ቤት ቁጭ ብሎ መዋሉን ነገረኝ። ይህን መጀመሪያ ቢነግረኝ ኖሮ ኮምቶ እንሄድ ነበር።

ወንጪ አሁን ሌላ ሆኗል። በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት መንገድና ማረፊያ ተሠርቶለታል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ መርጦታል። ወዳጆቼ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ሄደዋል፤ ለእኔ የሚነግሩኝ መነሻ ሰዓቱን ብቻ ነው፣ እሱንም በዋዜማው።

ከደንዲዎቹ መካከል ይህን የሚያነብ ካለ፦ ከመዋጮው የተረፈው 340 ብር ደብተሩ ውስጥ ነው፤ መጥታችሁ ውሰዱ። ድስቱን ግን መልሱልኝ፤ የባለቤቴ ነው።