ውዳሴ ሳሙና

የተዋናይ ክብር በምን ይመዘናል እያሉ ሲከራከሩ የኖሩት የጥንት ሊቃውንት መልሱን ሳያገኙ ማለፋቸው እጅግ ያሳዝናል፤ ጥቂት ዘመን ቢታገሡ ኖሮ፥ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ያን ሁሉ ምርምር በ30 ሰከንድ ማስታወቂያ ሲፈታው ባዩ ነበርና። በተለይም የመሪነቱን ቦታ ሳይዝ አንድ ጊዜ ሐኪሙን፥ አንድ ጊዜ ዳኛውን፥ ሌላ ጊዜ ሰካራሙን ጎረቤት እየሆነ ዕድሜውን በመድረክ የሚፈጅ ተዋናይ፥ ስሙ ከመቃብር በላይ እንዲውል ከፈለገ ለአንዳች ሸቀጥ መመስከር እንዳለበት በማያሻማ ብያኔ ተረጋግጧል።

ለዚህ የጃን ማይነር ገድል በቂ ምስክር ነው። ይህች ሴት በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1917 ቦስተን ተወልዳ፥ በሬዲዮ ድራማ ድምፅዋን ገርታ፥ በብሮድዌይ መድረክ ቆማ፥ በኮነቲከት ስትራትፎርድ የሼክስፒርን ከባድ ቃለ ተውኔት በቃልዋ እየያዘች ስትደክም፥ ዕድሜዋን በከንቱ እንደምታባክን የሚነግራት ወዳጅ አላገኘችም። በ1966 ግን ጸጋ ጎበኛት፤ ማጅ የምትባል ጥፍር አሳማሪ ሆና የደንበኞችዋን ጣቶች እያስነከረች፥ የተነከሩበት ፈሳሽ የፓልሞሊቭ የሳህን ማጠቢያ መሆኑን ታበሥር ጀመር። ይህንም ብሥራት፥ ለጀርመኖች ቲሊ፥ ለፈረንሳዮች ፍራንስዋዝ እየተባለች፥ እስከ 1992 ድረስ ሳትታክት ሰበከች። በ2004 ባረፈች ጊዜ ጋዜጦች ማንነትዋን ለአንባቢ ያስታወቁት በሼክስፒር ሳይሆን በሳሙናው ነበር፤ ፍርዱም ርቱዕ ነው፥ ሼክስፒር ሳህን ማጠቡን የሚናገር መጽሐፍ አልተገኘምና።

ጄሲ ኋይትም በ1944 «ሃርቪ» በተባለው ተውኔት በብሮድዌይ ተጫውቶ፥ በ1950ውም ፊልም ያንኑ ገጸ ባሕርይ ደግሞ፥ ከዚህ የሚበልጥ ማዕርግ መኖሩን አላወቀም ነበር። ከ1967 እስከ 1988 ግን የሜይታግ ልብስ ማጠቢያ ጠጋኝ ሆኖ፥ መኪናው ከቶ አይሰበርምና የሚጠራው አጥቶ፥ ብቻውን ተቀምጦ ሲተክዝ ታየ። ሥራ መፍታት የተዋንያን ሁሉ ሥጋት ሆኖ ሳለ፥ ለእርሱ ሥራ መፍታቱ ራሱ የ21 ዓመት ቋሚ ሥራ ሆነለት። ቨርጂኒያ ክሪስቲንም በፊልም ብዙ ከደከመች በኋላ፥ ሚስስ ኦልሰን ተብላ ስለ ፎልጀርስ ቡና በመሰከረች ጊዜ፥ የትውልድ ከተማዋ የአዮዋዋ ስታንተን የውኃ ማማዋን በቡና ማፍሊያ አምሳል አቆመች፤ ቡና የበቀለባት አገራችን እንኳ ለአንድ ተዋናይ ይህን የሚያህል ጀበና አላቆመችም።

በማስታወቂያ ያልተባረከ ተዋናይ ቢኖርም ተስፋ አይቁረጥ፤ ፓይለት የሚሉት የሙከራ ክፍል አለለት። ታላላቆቹ የቴሌቪዥን ድርጅቶች ለብዙ ዘመን፥ በየክረምታቸው ድርሰት እያስጻፉ፥ ተዋንያን እየመረጡ፥ አንዳንድ ክፍል እያስቀረጹ፥ በግንቦት ጥቂቱን አጽድቀው የቀረውን፥ ማንም ሳያየው፥ በመጋዘን ሲቀብሩ ኖረዋል። ተዋናዩም ለመጨረሻው ፈተና ከመቅረቡ በፊት፥ ከተመረጠና ተከታታዩ ከጸደቀ ስድስት ሰባት ዓመት ሊያገለግል ውል ይፈርማል፤ ድርጅቱ ግን ከፈለገ ያሰናብተዋል። በገዳም ሥርዓት አመክሮው ይቀድማል፥ ቃል ኪዳኑ ይከተላል፤ በዚህ ሥርዓት ግን መነኮሳቱ ያላሰቡት ጥበብ ተገኝቶ፥ ቃል ኪዳኑ ቀድሞ አመክሮው ኋላ ይመጣል።

ተዋናዩን የሚወቅስ ቢኖር ግፈኛ ነው። የመድረክ ደመወዝ መጋረጃው ሲዘጋ ያበቃል፤ በማስታወቂያ የታየ ፊት ግን በተዋንያን ማኅበር ውል መሠረት በተደጋገመ ቁጥር ክፍያ ያመጣል፥ ባለፊቱም ተወዳዳሪውን ሸቀጥ እንዳያመሰግን አንደበቱን አስይዞ፥ በዚያው ገንዘብ እንጀራውን ይበላል። ነውሩ ያለው፥ ጥበብን የሚመግበው ገንዘብ ከሳሙና በቀር ከሌላ እንዳይመጣ ባደረጉት ባለጸጎች፥ እንዲሁም አርባ ዓመት የደከመችን ሴት በጥፍር አሳማሪነት ብቻ በምናስታውሳት በእኛ በተመልካቾች ላይ ነው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ ልጅህ ተዋናይ ልሁን ቢልህ አትቆጣው፤ አንደበቱን ለማቃናት ብለህም ገንዘብህን አትጨርስ፤ እጁን ብቻ ደኅና አድርገህ አስታጥበው።