የምታድግ ዔሊና ውሏ

በባሕር ማዶ የሚኖሩ ወገኖቻችን ለልጆቻቸው ማጫወቻ የሚገዟት፣ ከዓይኗ ኋላ ግራና ቀኝ ቀይ ሰረዝ ያለባት የውሃ ዔሊ፣ በሱቅ ሳለች መዳፍ የማትሞላ ትሑት ፍጥረት ናት፤ ትሕትናዋ ግን ጊዜያዊ ነው፤ ቅርፊቷ እስከ 25 ሳንቲሜትርና ከዚያም በላይ ይሰፋልና፣ ዕድሜዋም 30 ዓመት ሊደርስ ይችላልና፣ የተገዛችለት ሕፃን አድጎ፣ አግብቶ እስኪወልድ ድረስ እርሷ ገንዳ እንዲለወጥላት ትጠብቃለች።

ዔሊ የማሳደግ ጥበብ ሊቃውንት ለእያንዳንዱ 2.5 ሳንቲሜትር ቅርፊት 40 ሊትር ያህል ውሃ ይገባታል ብለው ስለደነገጉ፣ ላደገችው 400 ሊትር፣ ይኸውም በአገራችን በውጫሌ ከተማ ሴቶች ጀርባ ሲሰፈር ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 20 ጊዜ፣ ግድ ይሆናል። ከዓሣ ይልቅ አብዝታ ስለምታጎድፍም፣ ማጣሪያዋ ሁለትና ሦስት እጥፍ ለሚሰፋ ገንዳ የተሠራ መሆን አለበት፤ ወጥታ የምትሞቅበት መደብና መብራትም ይታከልላታል። ይህን ሁሉ ከባሕር ማዶ በስልክ የሰሙ አንዲት የውጫሌ እማማ፣ ሲኒያቸውን ከረከቦቱ መልሰው፣ «አብሽሩ፤ ግን ኪራይ ትከፍላለች ወይ?» ብለው ጠየቁ። ከእርሳቸው በስተደቡብ፣ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት የሐይቅ ባሕር፣ በዕለተ ሐሙስ የተፈጠሩትን የውሃ ፍጥረታት ያለ ማጣሪያ ሲያስተዳድር ይኖራል።

አውሮፓውያን በ1997 እ.ኤ.አ. ይህችን ዔሊ ወደ አገራቸው እንዳትገባ የከለከሉት፣ የሰለቿት ባለቤቶች እየጣሏት ውሃውን ስለወረረች ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውል የተፈረመባት ውጫሌ፣ የውልን አንቀጽ ሳይመረምሩ መፈራረም ምን እንደሚያመጣ ታውቃለችና፣ ገዢ ሆይ፣ ገንዳውን ለነገዪቱ ዔሊ ለካ፤ ካልቻልህ አትግዛ፤ ከገዛህም ወንዝ ውስጥ አትጣላት።