ካራቫንዎን ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የት ያቆማሉ?

ውድ አንባቢ፣ ካራቫን እንደሌለዎት አውቃለሁ። እኔም የለኝም። ይህ ግን ካራቫን እንዴት እንደሚቆም ከመመካከር አያግደንም፤ በዚህ አገር ስለ እግር ኳስ አሰላለፍ የሚመክር ሁሉ ኳስ ነክቶ አያውቅም። ደግሞም ቅዳሜ ጠዋት ቱሉ ዲምቱ ላይ የክፍያ ጣቢያውን አልፈው ወደ አዳማ የሚወርዱትን መኪኖች ልብ ብለው ይዩ። ፍራሽ አለ፣ ድንኳን አለ፣ ከሰል አለ፣ ሁለት ጀሪካን ውሃ አለ፣ ከኋላ ወንበር ላይ ደግሞ ድስቱን ታቅፈው የተቀመጡ አክስት አሉ። ይህ ቤት ካልሆነ ቤት ምንድን ነው? ስለዚህ ከዚህ በታች «ካራቫን» ስል ኮስተሩንም፣ ዶልፊኑንም፣ ጣራው ላይ ድንኳን የተጫነበትን ላንድክሩዘርም፣ ወንበሩን አጋድሞ መኪናው ውስጥ የሚያድረውን ጎረምሳም ማለቴ ነው።

ከሁሉ አስቀድመው ነፋሱን ይጠይቁ። አዳማ ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው ለፎቶ መነሻ እንዲሆን አይደለም። አዳማ አንድ 51 ሜጋ ዋት፣ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው አዳማ ሁለት ደግሞ 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ የተሠሩ ናቸው። ከሁለቱ ተደምሮ 204 ሜጋ ዋት የሚወጣበት ነፋስ የእርስዎን ሸራ ለይቶ አይምርም። ደግነቱ መንግሥት ሳያስበው ለካራቫን ባለቤቶች ትልቅ ውለታ ውሏል፤ ተርባይን ሁልጊዜ ፊቱን የሚያዞረው ነፋሱ ወደሚመጣበት ነው። እርስዎ ተቃራኒውን ያድርጉ። ተርባይኖቹ ጀርባቸውን የሰጡትን አቅጣጫ አይተው የካራቫንዎን በር ወደዚያ ያዙሩ። ከአዳማ ርቀው ተርባይን የማይታይበት ቦታ ከደረሱ፣ በበጋ ነፋሱ ባመዛኙ ከሰሜን ምሥራቅ እንደሚመጣ ይያዙ። ከሰሉን ከነፋሱ በታች በኩል ያቀጣጥሉ፤ ሌሊቱ ቢበርድም ፍሙን ይዘው መኪና ውስጥ አይግቡ። ይህቺኛዋ ቀልድ የላትም፤ የከሰል ጭስ ሳያስል የሚገድል ነገር ነው።

ቀጥሎ ወደ ኋላ መመለስ ይመጣል። ማርሹን ገና ከማስገባትዎ ከየት እንደመጡ የማይታወቁ አራት ሰዎች መኪናዎን ይከቡታል። አንዱ «ና! ና! ና!» ይላል። ሁለተኛው «ስበር! ሙሉ ስበር!» ይላል። ሦስተኛው በዚያው ቅጽበት «መልስ!» ይላል። አራተኛው ዝም ብሎ ቆይቶ፣ ግራሩ የኋላ መብራትዎን ካገኘው በኋላ «በቃ!» የሚለው ነው። ከአራቱ አንዱን ብቻ መርጠው እሱን ይስሙ፤ የሦስቱን ምስጋና ግን አይንፈጉ፤ ሻይ ሲፈላ ሁሉም ስለሚመጡ። ከቆሙ በኋላ የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ ከዚያም ታኮ ያድርጉ። የሐይቅ ዳር መሬት ሜዳ ይመስላል እንጂ ወደ ሐይቁ ያዘነበለ ነው። ካላመኑ ምንጣፉ ላይ አንድ ብርቱካን ያስቀምጡና ወዴት እንደሚሄድ ይመልከቱ። ሲተኙ ራስዎ ወደ ላይ፣ እግርዎ ወደ ሐይቁ እንዲሆን አድርገው ያቁሙ። አለዚያ ሌሊቱን ሙሉ ደም ወደ አናትዎ ሲወርድ አድሮ ጠዋት በሰው ላይ ይነጫነጫሉ።

ስለ ጎረቤት ርቀት ባዕዳን የጻፉት ሕግ አለ። በእንግሊዝ አገር የካራቫን ማኅበራት በአንዱና በሌላው ካራቫን መካከል 6 ሜትር እንዲተው ያዛሉ፤ ምክንያቱም እሳት አንዱን ቢይዝ ወደ ሌላው እንዳይዘልቅ ነው። ብልህ ሕግ ነው፤ ቢከበር ደስ ባለኝ። ላንጋኖ ዳር ግን 6 ሜትር ክፍት ቦታ ትተው ዞር ሲሉ ሦስት ድንኳን፣ አንድ ሚኒባስና አንድ የልደት በዓል ተተክሎበት ያገኙታል። ቦታውን አስከብራለሁ ቢሉ ደግሞ «ሰው ይጠላሉ እንዴ?» ይባላሉ። እኔ የምመክረው ርቀቱን በሜትር ሳይሆን በስፒከር እንዲለኩ ነው። ሲደርሱ መጀመሪያ የትኛው መኪና የኋላ በሩን ከፍቶ ሙዚቃ እንደለቀቀ ይዩ፤ ከዚያ ከነፋሱ በላይ በኩል፣ ቢቻል በመካከል አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት አውቶቡስ አድርገው ይቁሙ። ከሰሉን በተመለከተ ግን የእንግሊዞቹን ሕግ ይቀበሉ፤ የጎረቤትን ሸራ በፍንጣሪ አቃጥሎ በይቅርታ መሸኘት አይቻልም።

ላንጋኖ ብዙዎቹ ማረፊያዎች ያሉት በምዕራቡ ዳርቻ ነው፤ የስምጥ ሸለቆውን መንገድ በሆቴል ያስዋቡት በቀለ ሞላም ከሆቴሎቻቸው አንዱን የሠሩት እዚሁ ሐይቅ ላይ ነው። ከዚህ ዳርቻ ሆነው በርዎን ወደ ውሃው ካዞሩ ፀሐይ የምትወጣው ከፊት ለፊትዎ ነው። ይህ ለፎቶ ያምራል፤ ሌሊቱን ሲጨፍር አድሮ አሥር ሰዓት ላይ ለተኛ ሰው ግን ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ዓይኑን በብርሃን መመታት ነው። ግራር ጥላ ሲፈልጉም ጥላው አሁን ያለበት ቦታ አያታልልዎ፤ ቀን 8 ሰዓት ላይ የት እንደሚደርስ አስልተው ይቁሙ፤ ጥላ ይሄዳል፣ ካራቫን አይከተለውም። ከግራሩ ሥር የወደቀውን እሾህ አስቀድመው ይጥረጉ፤ ጎማ ለዚያ እሾህ ከጫማ ሶል የተለየ ክብር የለውም። ቀና ብለውም ይዩ። ባቱ አካባቢ ከሆኑ ቅርንጫፉ ላይ አባ ኮዳ ሊኖር ይችላል። ይህ ወፍ ከአሣ አጥማጆች የተረፈውን ሁሉ ይበላል፤ የበላውን ደግሞ ይዞ አይቀርም።

ሶደሬ ላይ ጠላትዎ ጦጣ ነው። ከአዳማ ትንሽ ወጣ ብሎ ባለው በዚህ ፍል ውሃ ጦጣዎቹ የመኪና መስኮት ግማሽ ክፍት መሆኑን ከባለቤቱ ቀድመው ያውቃሉ። በርዎን ከዛፍ አርቀው ያቁሙ፤ ዳቦውን ደግሞ ከልጆች ሳይሆን ከጦጣ ይደብቁ። ባቱና ቆቃ ዳር ደግሞ ሳሩ ተረግጦ ወደ ውሃ የሚወርድ ሰፊ መንገድ ካዩ «ለካራቫን የተዘጋጀ ነው» ብለው እንዳይገቡበት። ያ የጉማሬ መንገድ ነው። ጉማሬ ሌሊት ለግጦሽ ወጥቶ በዚያው ይመለሳል፤ «ወንድሜ፣ መኪናህን ፈቀቅ አድርጋት» ብሎ አይጠይቅም።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። በሌላው ዓለም መመሪያ የሚጽፉ ሰዎች ሐይቁ ባለበት እንደሚቆይ እርግጠኛ ሆነው ነው። እኛ ግን በሰቃ አለን። መተሐራ አጠገብ ያለው ይህ ሐይቅ ከ60 ዓመት ገደማ በፊት 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ አሁን ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር አልፏል። ከአካባቢው የመስኖ እርሻ የሚሠርገው ውሃና ከመሬት ሥር የሚመጣው ተደማምረው ሐይቁን አስፍተውታል፤ አስፋልቱንና የባቡር ሐዲዱን ከፍ አድርጎ መሥራት ግድ ሆኗል። እንግዲህ በሰቃ ዳር ሲቆሙ ፊትዎን ወደ ውሃው ሳይሆን ወደ መንገዱ ያድርጉ፤ እርስዎ ሐይቁን ለማየት እንደመጡ ሁሉ እሱም ወደ እርስዎ ሊመጣ ይችላልና።

አብጃታ ተቃራኒው ነው። ባቱ ዳር ካለው ከዝዋይ ሐይቅ በቡልቡላ ወንዝ በኩል የሚደርሰው ውሃ ለመስኖ ሲጠለፍ፣ ከራሱ ከሐይቁ ደግሞ ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ሲቀዳ ቆይቶ ዳርቻው እየሸሸ ሄዷል። ጠዋት «ሐይቅ ዳር» ተብሎ የተነገረዎትን ቦታ ሲደርሱ ሐይቁ ከሩቅ የሚያብረቀርቅ መስመር ሆኖ ያገኙታል። ያኔ ነጭ የደረቀ ሜዳ ከፊትዎ ተዘርግቶ «እስከ ውሃው ድረስ ንዳኝ» ይልዎታል። አይስሙት። ላዩ እንጀራ ነው፣ ታቹ አብሲት፤ ካራቫንዎ እስከ ፍሬኑ ይሰምጥና ፍላሚንጎዎቹ ቆመው ይመለከቱዎታል።

ውሃው እንዲህ ከሆነ መሬቱስ? ስምጥ ሸለቆው በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል። ለአንድ ሌሊት ሲካፈል ከፀጉር ውፍረት በጣም ያነሰ ነው፤ ቢሆንም ጠንቃቃ ሰው የድንኳኑን ገመድ ትንሽ ላላ አድርጎ ካስማውን ይመታል። በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌ አካባቢ ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስና መሬቱ ሲሰነጠቅ ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጥቷል። ስንጥቅ ያዩበትን ቦታ «ለቆሻሻ መጣያ ይመቻል» ብለው አይቁሙበት።

ይህን ሁሉ ሰምተው ተስፋ ከቆረጡ፣ አንድ ጊዜ ደፍረው የሞከሩ ነበሩ። በ1958 ዓ.ም. በተመሠረተው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከረዩ ሎጅ የሚባል ማረፊያ ነበር፤ እንግዶቹ የሚያድሩት ካራቫን ውስጥ ነው። የቆሙት የት ነበር ቢሉ፣ የአዋሽ ገደል አፋፍ ላይ! ለዓመታት ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ታኮውን ያደረገውን ሰው ማግኘት ብችል ይህን ጽሑፍ እሱ በጻፈው ነበር። በነገራችን ላይ ሎጁ ስሙን የወሰደው ከከረዩ ኦሮሞዎች ነው፤ የግጦሽ መሬታቸው ለፓርኩና ለሸንኮራ አገዳው የሄደባቸው ሰዎች ናቸው። በዚያው አካባቢ የአፋር እናቶች ደግሞ ቅስት እንጨትና ሰሌን በግመል ጭነው ሄደው ቤት ያቆማሉ። የእኛ ጎረምሶች ከከተማ ተነሥተው የመጀመሪያዋን ካስማ ለመምታት ሲከራከሩ እነሱ ቡና አፍልተው ይጨርሳሉ።

እሑድ ከሰዓት ለመመለስ ሲዘጋጁ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ስለሚነሣ ከምሳ በፊት አፍንጫዎን ወደ መውጫው አዙረው ያቁሙ፤ ዝናብ ከጣለ ጥቁሩ አፈር ማንንም አይለቅም። ታኮ ያደረጉትንም ድንጋይ አንሥተው ዳር ይጣሉ። ከሞጆ ወደ ባቱ በሚወስደው መንገድ ላይ የተበላሸ መኪና ሲጠገን ጎማ ሥር ገብቶ አስፋልቱ መሐል የተተወ ድንጋይ በጨለማ ያጋጠመው ሰው፣ ይህን ለምን እንዳልኩ አይጠይቀኝም።