ፍቅርን በሰነድ ለማረጋገጥ የወጣ አዋጅ

ሁለት ሰዎች መዋደዳቸውን ሽማግሌዎቻቸውና በሰርጋቸው ላይ ጥሬ ሥጋ የቆረጡት 600 እንግዶች ቢያውቁትም፣ ከመስታወቱ ወዲያ የተቀመጠው የቪዛ ሹም ግን የማያውቀው በመሆኑ፤

በ1986 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ሕግ ለግሪን ካርድ ብለው ለሚጋቡ እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 250 ሺህ ዶላር መቀጮ ያዘጋጀላቸው በመሆኑ፣ የምራቸውን የተጋቡትንም በዚያው ዓይን ማየት ስላስፈለገ፤

የሚከተለው ታውጇል።

1. አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የፕሮሰስ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። በቤተ ዘመድ ዘንድ «አሁንም አልደረሰለትም?» ተብሎ ይታወቃል።

2. ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ በዚህ አዋጅ ውስጥ፦

ሀ) «ሚስት» ማለት ዋሽንግተን የምትኖር አመልካች ናት፤

ለ) «ባል» ማለት አዲስ አበባ የሚኖር፣ እስካሁን ምንም ያልተጠቀመ «ተጠቃሚ» ነው፤

ሐ) «ሰማንያ» ማለት መፈራረማቸውን እንጂ መጋባታቸውን የማያስረዳ ወረቀት ነው፤

መ) «እጮኛ» ማለት ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት በነበሩት 2 ዓመታት ውስጥ ከአመልካቿ ጋር በአካል የተገናኘ፣ አሜሪካ በገባ በ90 ቀን ውስጥ ካላገባት ግን ሻንጣውን ይዞ የሚመለስ ሰው ነው። ዐቢይ ጾም መሃል ቢገባ፣ 55ቱ ቀናት ከቆጠራው አይቀነሱም።

3. ስለ ስም

ሚስት በባሏ ስም ሳይሆን በገዛ አባቷ ስም መጠራቷ አጠራጣሪ ነው። አማቷ ያወጡላት ስም፣ የቤት ስሟና የክርስትና ስሟ ሲጨመሩ ባልየው አራት ሴት እንዳገባ ይቆጠራል።

4. ስለ ቀን

ጥንዶቹ በ2019 ተዋውቀው ጥር 14 ቀን 2014 ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ከተጋቡ፣ ከመተዋወቃቸው 5 ዓመት ቀድመው፣ ያውም ገና ጎህ ሳይቀድ እንደተጋቡ ይወሰዳል። ዘመን መቁጠሪያው ሌላ ነው ብሎ ማስረዳት ጉዳዩን ያዘገያል።

5. ስለ ፎቶግራፍ

ሙሽራ በሰርጓ ቀን ጥርሷን ካሳየች «ቸኩላለች» ትባላለች ተብሎ የሚቀርብ መከራከሪያ ተቀባይነት የለውም። አንገቷን የደፋች ሙሽራ በግድ እንደተዳረች ይገመታል። ባልና ሚስቱ ለብቻቸው የተነሱት ፎቶ መቅረብ አለበት፤ በመካከላቸው አክስት የቆመችበት አይቆጠርም።

6. ስለ መልእክት

የሦስት ዓመት የስልክ መልእክት ታትሞ ይቀርባል። የቀረበው ሁሉ ተመርምሮ የሚከተለው ተገኝቷል፦ «በላሽ?» «በላሁ። አንተስ?» «በላሁ።» ይህ የምግብ ቤት ሪፖርት እንጂ የፍቅር ማስረጃ አይደለም። «እወዳለሁ» የሚል ቃል አንድ ጊዜ ብቻ የተገኘ ሲሆን፣ እሱም የተነገረው ስለ ክትፎ ነው።

7. ስለ ገቢ

የአመልካቿ ገቢ ለቤተሰቧ ቁጥር ከተቀመጠው የድህነት ወለል ቢያንስ 125 በመቶ መድረስ አለበት። ካልደረሰ ዋስ ትጠራለች። ዋሱ ፎርሙን እስኪያነብ ድረስ የአጎት ልጅ ነው፤ ካነበበ በኋላ የሩቅ ዘመድ ይሆናል።

8. ጥርጣሬ ስለሚራዘምበት ሁኔታ

ባልየው አሜሪካ ሲገባ ትዳሩ 2 ዓመት ያልሞላው ከሆነ፣ የሚሰጠው ግሪን ካርድ የ2 ዓመት ብቻ ይሆናል። ካርዱ ሊያበቃ 90 ቀን ሲቀረው ባልና ሚስቱ አብረው አመልክተው አሁንም እንደሚዋደዱ ያስረዳሉ። የጋራ የባንክ ደብተር፣ የቤት ኪራይ ውልና የመብራት ደረሰኝ ከመሐላ ይበልጣሉ።

9. ልዩ ሁኔታ

ሹሙ ከሰነዶቹ ቀና ብሎ «ሚስትህ ትናንት ማታ ምን በላች?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ተጠቃሚውም ወረቀት ሳያገላብጥ «ከሥራ አምሽታ ነው የገባችው፤ የእሁዱን ምስር ወጥ አሙቃ ግማሹን ተወችው፤ ጨጓራዋን አሟታል» ብሎ ቢመልስ፣ ይህ መልስ በየትኛው ሣጥን እንደሚሞላ በቅጹ ላይ ስላልተደነገገ ፋይሉ ለተጨማሪ ማጣራት ይተላለፋል።

10. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ከዛሬ ጀምሮ የጸና ይሆናል። ባልየው ማጣራቱ እስኪያልቅ ባለበት ይቆያል። እስከዚያው ድረስ ግን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነቅቶ «በላሽ?» ማለቱን እንዲቀጥል ተፈቅዶለታል።