ሁለት ባላ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቤታችን የምግብ ጠረጴዛ የእኔ አይደለም። ልጄና ሦስት ጓደኞቹ ካርታ ይዘረጉበታል፣ ቺፕስ ይዘረግፉበታል፣ ሃያ ፊት ያለው ዳይስ ያንከባልሉበታል። አንደኛው፣ አጫዋቹ፣ ከካርቶን ከለላ ጀርባ ተቀምጦ ድምፁን ያጎረንንና «ዋሻው ጨለማ ነው፤ ውሃ ሲንጠባጠብ ይሰማችኋል» ይላል። የቀሩት ትንፋሻቸውን ይውጣሉ። የሚንጠባጠበው የወጥ ቤታችን ቧንቧ ነው። ላሠራው ቃል ከገባሁ ሦስት ወር አልፎታል።

ጨዋታው ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ይባላል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን በፈረንጆቹ 1974 ያወጡት ነው፤ እኛ ንጉሣችንን በቮልስዋገን የሸኘንበት ዓመት መሆኑ ነው። ያኔ ለተጫዋች የቀረቡት ሙያዎች ሦስት ብቻ ነበሩ፦ ተዋጊ፣ አስማተኛና ካህን። ሌባው የተጨመረው በዓመቱ ነው። ዓመት ሙሉ ያለ ሌባ የኖረ ዓለም! ያን ጊዜ አለመጫወቴ ይቆጨኛል።

እኔ የገባሁበት ሳላስበው ነው። አንዱ ልጅ የኳስ ግጥሚያ ኖሮበት ቀረና ልጄ «አባዬ፣ ለዛሬ ብቻ ሙላልን» አለኝ። ለዛሬ ብቻ ብዬ ከተቀመጥኩ ይኸው ስምንት ወሬ። አጫዋቹ ወረቀት አቀበለኝና «ምንድን ነህ?» አለኝ።

ለእሱ ቀላል ጥያቄ ነው። እኔ አገር ቤት የፊዚክስ መምህር ነበርኩ። እዚህ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ከመጣሁ ወዲህ የመኪና ማቆሚያ ቲኬት ቆርጫለሁ፣ ታክሲ ነድቻለሁ፣ አሁን ቀን ቀን የሰው ቤት ኤሌክትሪክ እጠግናለሁ፣ እሑድ እሑድ ደግሞ እዚህ የተወለዱ ልጆችን ፊደል አስቆጥራለሁ። (ቧንቧ ሙያዬ እንዳልሆነ ለባለቤቴ ደጋግሜ አስረድቻለሁ።) ይህን ሁሉ ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ከመዘርዘር ብዬ «ተዋጊ» አልኩና ተገላገልኩ። ስሙንም አባ መላ አልኩት፤ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ መጠሪያ ነው፤ ቢያንስ በስም እንኳ አላንስም ብዬ።

ችግሩ የመጣው አባ መላ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ነው። በዚህ ጨዋታ ጀግናህ ልምድ ባካበተ ቁጥር ደረጃው ከፍ ይላል፤ መጨረሻው ሃያ ነው። ልጆቹ በሚጠቀሙበት በ2014 በወጣው መጽሐፍ ታዲያ አዲሱን ደረጃ በያዝከው ሙያ ላይ መጨመር ትችላለህ፤ ካሻህም በሌላ ሙያ አንድ ብለህ ትጀምራለህ። መልቲክላስ ይሉታል። የሚጠየቀው መመዘኛ ሁለቱም ሙያዎች በሚፈልጉት ተሰጥኦ 13 ነጥብ መያዝ ብቻ ነው፤ ለተዋጊ ለምሳሌ ጉልበት፣ ለአስማተኛ አእምሮ። አባ መላ ሁለቱም ነበረው። እኔን ደግሞ ያሳደገችኝ አያቴ ናት፤ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ሲነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» ስትል ያደግኩ ሰው ምን ይጠበቅብኛል? አስማተኝነት ጨመርኩ።

ልጄ ራሱን ያዘ። «አባዬ፣ አታድርገው። አንዱን ይዘህ ዝለቅ።»

ይህን የሚለኝ በዚያው ሰሞን ለኮሌጅ ሲያመለክት ኮምፒዩተር ሳይንስና ሙዚቃን ጎን ለጎን የመረጠ ልጅ ነው። አልሰማሁትም። ሦስተኛውንና አራተኛውን ለተዋጊው ሰጠሁ፣ አምስተኛውን ለአስማተኛው፤ ስድስተኛው ሲመጣ የሚያክም ሰው ያስፈልገናል ብዬ ካህን ሆንኩ። ባርቤሪያን የሚባለውን ሙያ ልይዝም ዳድቶኝ ነበር፤ እሱ ግን በተቆጣ ጊዜ ድግምት መድገም አይችልም። ሕጉን ያረቀቀው ሰው አጎቴን ሳያውቀው አልቀረም፤ ዳዊቱን በቃሉ የሚወጣው ሰውዬ ከብት ማሳው ከገባ «አቡነ ዘበሰማያት» እንኳ ይጠፋበታል።

ውጤቱን ልንገራችሁ። አብረውኝ የጀመሩት ሁሉ ስድስተኛ ደረጃ ናቸው። ልጄ በተዋጊነቱ ስለጸና አምስተኛው ላይ በአንድ ተራ ሁለት ጊዜ መምታት ጀምሯል። የወዳጄ ልጅ፣ «ጋሼ» የምትለኝ፣ በአስማተኝነቷ ስለጸናች ፋየርቦል የሚሉትን የእሳት ኳስ ትወረውራለች፤ ስምንት ዳይስ በአንድ እፍኝ! እኔ በድምሩ እንደነሱው ስድስተኛ ነኝ፤ ግን ተዋጊዬ ሦስት፣ አስማተኛዬ ሁለት፣ ካህኔ አንድ። የምመታው አንዴ ነው፣ ፋየርቦልም የለኝ። ከሁለት ያጣ ጎመን ይሉሃል እኔ ነኝ።

ከሁሉ የከፋው ድግምቱ ነው። ሕጉ የአስማተኛውንና የካህኑን ደረጃ ደምሮ የድግምት ማስቀመጫ ቦታ ይሰጥሃል። ስለዚህ አባ መላ ከፍ ላለው ለሁለተኛ እርከን ድግምት ሁለት ቦታ አለው። የሚያስቀምጥበት የሁለተኛ እርከን ድግምት ግን አንድም አያውቅም፤ የሚያውቀው በየሙያው ለየብቻ ነውና የሚቆጠርለት። ያለው አማራጭ ትንሿን ድግምት በትልቁ ቦታ መድገም ነው። ሰፊ ሞሰብ ከፍቶ ግማሽ እንጀራ ማቅረብ።

አጫዋቹ አዘነልኝ መሰለኝ አንድ ቀን ከአሮጌ ዕቃ መደብር የገዛውን የ1978 መጽሐፍ አመጣልኝ። «ድሮ ቢሆን ይብስብህ ነበር» አለ። እውነቱን ነው። በዚያ መጽሐፍ ሁለት ሙያ ጎን ለጎን መያዝ የተፈቀደው ኤልፍ ለሚባለው ፍጡርና ለመሰሎቹ እንጂ ለሰው ልጅ አይደለም። ሰው የሆነ እንደሆነ የቀድሞ ሙያውን እርግፍ አድርጎ ትቶ አዲሱን ከአንድ ይጀምራል። ለአሮጌው 15፣ ለአዲሱ 17 ነጥብ ይጠየቃል። ከዚያ ወዲያ አዲሱ ሙያ አሮጌውን በደረጃ እስኪበልጥ ድረስ የድሮ ችሎታውን ከተጠቀመ በዚያ ጉዞ ልምድ አይቆጠርለትም።

ይህን አንብቤ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩትና ትንሽ ዝም አልኩ። ቲኬት በምቆርጥበት ዘመን አንድ ተማሪ ዳሱ ስር ቆሞ የፊዚክስ ጥያቄ ሲሠራ ስህተቱን አይቼ አሳየሁት። አመሰገነኝ። አለቃዬ ግን ወረፋው ረዝሞ ነበርና «ሥራህ ቲኬት ነው» አለኝ። ለካ ሕጉ አርባ ዓመት ያለፈው፣ ዊስኮንሲን ሌክ ጄኔቫ ከተማ የተጻፈ ኖሯል! እኔ የአለቃዬ ጸባይ መስሎኝ ቂም ይዤ።

በዚያው መጽሐፍ ጀርባ ያለውን የባርድ ሕግ ግን ሳላነሳው አላልፍም። ባርድ ማለት አዝማሪ በሉት። አዝማሪ ለመሆን መጀመሪያ ተዋጊ ሆነህ ቢያንስ አምስተኛ ደረጃ ትደርሳለህ፤ ቀጥለህ ሌባ ትሆናለህ፤ ከዚያ በኋላ ነው ዘፈን የምትማረው። ካዛንቺስ የማውቃቸው አዝማሪዎች ማሲንቆውን ብቻ ይዘው ነው የተነሡት፤ የሌብነቱን ጉዳይ ሽልማት ያስቆጠሩት ሰዎች ይመስክሩ። የሕጉ አርቃቂዎች ደብተራን ቢያውቁት ደግሞ መጽሐፉ ባልበቃቸው፤ ይዘምራል፣ ይቀኛል፣ ሥር ምሶ መድኃኒት ይቀምማል፣ ክታብ ይጽፋል፣ ካስቀየምከውም ይደግምብሃል። አንድም ጊዜ 13 ነጥብ አለህ ወይ ብሎ የጠየቀው የለም።

ሙያ መደባለቅ የሚያዋጣባቸው አሉ፤ አልክድም። ልጆቹ ኮፊሎክ የሚሉት አንድ ተንኮል አለ፤ ስሙ ከቡና የመጣ ነው። ዋርሎክና ሶርሰረር የሚባሉ ሁለት ዓይነት አስማተኞችን ታዋህዳለህ። አንደኛው ለአንድ ሰዓት አረፍ ባለ ቁጥር ድግምቱ ይመለስለታል፤ ሁለተኛው ያንን እየመነዘረ ያጠራቅማል። ያጠራቀምከው የሚጠፋው ሌሊቱን ተኝተህ ስታድር ነው። ስለዚህ አትተኛም፤ ቡናህን እየጠጣህ ታጠራቅማለህ። በ2017 የወጣ ተጨማሪ መጽሐፍ ነው መላ ያበጀለት፤ ሃያ አራት ሰዓት ያልተኛ ሰው ዳይስ ጥሎ አካሉ መቻሉን ያሳያል፣ ቀኑ በጨመረ ቁጥር የሚጠየቀው ቁጥር በአምስት ይጨምራል፣ ካልቻለ ይዝላል። ልጆቹ ይህን ሲያስረዱኝ ሳቄ መጣ። ዱለስ ኤርፖርት የሌሊት ተረኛ ታክሲ ውስጥ እኔም ያንኑ ሳጠራቅም ነበርኮ፤ ዳይሱን የጣለልኝ የስኳር በሽታዬ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ትሮል ገጠመን። ትሮል ክፉ ፍጥረት ነው፤ በሰይፍ ብትቆራርጠው ቁስሉ መልሶ ይገጥማል፤ በእሳት ወይም በአሲድ ካልሆነ አይሞትም። የወዳጄ ልጅ ሦስቱንም ፋየርቦሎቿን በመንገድ ጨርሳለች፤ አሁን ጭራሽ ራሷን ስታ ወድቃለች። ልጄ ሁለቴ መትቶ ጣለው፤ ትሮሉ ግን መሬት ላይ ሆኖ መግጠም ጀመረ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ስምንት ወር ሙሉ እንዲህ አይተውኝ አያውቁም።

ያለችኝ ፋየር ቦልት የምትባል ጭላንጭል እሳት ናት፤ ጀማሪ ሁሉ የሚያውቃት። ልጄ መጽሐፉን ሲገልጥ ቆየና ቀና አለ። «አባዬ፣ ይህቺ እኮ ሙያ አትለይም። የምትቆጥረው ጠቅላላ ደረጃህን ነው።» ስድስቱንም ደመረችልኝ፤ ተዋጊውንም፣ አስማተኛውንም፣ የአንድ ቀኑን ካህንም። የምታቃጥለው በአንድ ዳይስ ሳይሆን በሁለት ሆነ።

ለመምታት በዳይሱ አሥር ይበቃኛል። በሁለት እጄ ነቅንቄ ጣልኩት። ጠረጴዛውን አቋርጦ፣ ካርቶኑን ገጭቶ፣ ወርዶ ባለቤቴ ቡና የምታፈላበት ረከቦት ላይ ሲኒዎቹ መሀል ገባ።

«ከጠረጴዛ የወደቀ አይቆጠርም» አለ አጫዋቹ።

ባለቤቴ ሲኒውን አነሣችና ጎንበስ ብላ አየችው። «አሥራ አንድ ይላል።»

«ሕግ ነው፣ እንደገና ይጣል።»

«ስማ የኔ ልጅ» አለችው በእንግሊዝኛ፣ ጀበናውን ከእሳቱ እያወረደች። «ረከቦቴ ላይ ያረፈ ይቆጠራል። አቦሉን ልቅዳ ወይስ ልጠብቅ?»

ልጁ ወደ መጽሐፉ አየ፣ ወደ ጀበናው አየ። ትሮሉን አቃጠልነው።