«ያልተነካች ናት»፦ ስለ አሮጌ መኪና ሻጮች ሰዋስው የተደረገ መጠነኛ ጥናት

የቋንቋ ምሁሮቻችን ግዕዙንና አማርኛውን፣ የወፍ ቋንቋውን ሳይቀር ሲመረምሩ፣ ያን ሁሉ ገንዘብ ከኪስ ወደ ኪስ የሚያሻግረውን የአሮጌ መኪና ሻጭ ሰዋስው ዞር ብለው አለማየታቸው ያስቆጫል። ይህን ክፍተት ለመሙላት በ2015 ዓ.ም. አንድ ጥናት ጀመርኩ። ናሙናው አንዲት ነጭ ቪትዝ ናት። ናሙናው አነሰ የሚል ትችት እንደሚነሳ አውቃለሁ፤ መጠኑን የወሰኑት የአጥኚው ቁጠባና ከሚስቱ ወንድም ያገኘው ብድር ናቸው። መረጃው የተሰበሰበው መገናኛ አካባቢ ካለ አንድ የመኪና መሸጫ ነው። ስሙን አልጠቅስም፤ የጥናት ሥነ ምግባር አይፈቅድም፤ ባለቤቱም ግዙፍ ሰው ነው።

መካኒክ ይዞ ሄዶ አስፈትሾ መግዛት የሚባል ዘዴ እንዳለ አልጠፋኝም። ነገር ግን መካኒኩ ለቅሶ ላይ ነበር፤ ሻጩም «ማታ የሚወስዳት ሰው አለ» አለ። ስለዚህ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» በሚል የሚታወቀውን አገር በቀል ዘዴ መረጥኩ።

የጥናቱ ዋና ግኝት ሻጩ አንድም ውሸት አለመናገሩ ነው። ይህን ስል ተበዳይ ሆኜ ሳይሆን አጥኚ ሆኜ ነው።

«ሞተሯ ያልተነካ ነው» ብሎኛል። በሦስተኛው ቀን መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ብዙ ዝም ካለ በኋላ ቃሉን አጸናለት፤ እውነትም ማንም ነክቶት አያውቅም፣ ዘይት ለመቀየር እንኳ። ከዘይት መሙያው ክዳን ሥር ማኪያቶ የመሰለ ነገር ተጠርጎ ወጣ። ውኃና ዘይት ተገናኝተዋል ማለት ነው፤ እነዚህ ሁለቱ ብዙ ጊዜ የሚገናኙት የቴስታታው ጋስኬት ሲቃጠል ነው። «ነዳጅ በሽታ ነው የምትሄደው» የተባለውም ልክ ነው፤ ሽታው የኋላ ወንበር ድረስ ይመጣል። «ገዝቶ መንዳት ብቻ ነው» ሲለኝ ደግሞ ስለ ማቆም ምንም አላለም። ፍሬኗን የፈተሽኩት አንድ ቁልቁለት ላይ ስለሆነ ውጤቱን በዝርዝር ለመመዝገብ አልተመቸኝም።

«ያልተነካች» የሚለው ቃል ግን የተለየ ትንታኔ ይሻል። ቪትዝ ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1999 ለጃፓን ገበያ ያወጣው ስም ነው፤ ሌላው ዓለም ያሪስ ይላታል። በጃፓን መንገድ የሚነዳው በግራ ሲሆን መሪው ያለው በቀኝ ነው። እንግዲህ መሪዋ በግራ ሆኖ አዲስ አበባ የምትሄድ ቪትዝ ሁሉ በሕይወቷ አንድ ጊዜ ዳሽቦርዷ ወልቆ፣ መሪና ፔዳሏ ከአንድ ጎን ወደ ሌላው ጎን ተሻግሯል። ከዚህ የበለጠ መነካት አላውቅም። ልጄም የፍሪጅ ማግኔት አምጥታ በሮቿ ላይ ስትሞክር ሦስቱ ያዙ፣ አንዱ ጣለ። ማግኔት ብረት ይወዳል፤ ስቱኮ አይወድም።

እዚህ ላይ ከጥናቱ ጥቂት ልውጣ። መካኒኩ የበሽታዋን ዝርዝር ሲጠራ አንድ ነገር ገባኝ። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ስፖኪዮ፤ ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ከአገር ቢወጣም ከኮፈን ሥር አልወጣም። የአካል ክፍሎቿ በጣሊያንኛ ይጠራሉ፣ «ፉል ኦፕሽን» የሚለው ተስፋ በእንግሊዝኛ ይነገራል፣ ለቅሶው ብቻ በአማርኛ ነው።

የውጭ ምሁራንም በጉዳዩ ላይ ጽፈዋል። ጆርጅ አከርሎፍ የሚባል አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ስለ አሮጌ መኪና ገበያ የጻፈውን ጥናት ሦስት መጽሔቶች መልሰውበት እ.ኤ.አ. በ1970 አሳተመ፤ በ2001 ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር ኖቤል ተሸለመ። አሜሪካኖች ጉደኛ መኪናን «ሎሚ» ይሏታል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሻጭ የመኪናውን ገመና ያውቃል፣ ገዥ አያውቅም። ገዥው ስለሚጠራጠር ከመካከለኛ ዋጋ በላይ አይከፍልም፤ ጥሩ መኪና ያለው በዚህ ዋጋስ አልሸጥም ብሎ ቤቱ ይገባል፤ ሜዳው ለሎሚዎች ይቀራል። የእኔ ቅሬታ አከርሎፍ በአገራችን ሎሚ ምን እንደሚሠራ አለማጥናቱ ነው። ሎሚ በጥምቀት የሚወረወረው በወደዷት ደረት ላይ ነው። ቪትዟ ታጥባ፣ ጎማዋ ጥቁር ተቀብቶ ፀሐይ ላይ ቆማ ሳያት የቸገረኝ የመረጃ እጥረት አልነበረም። መካኒክ ቢኖርም አልሰማውም ነበር።

የአጠራር ለውጥም ተመዝግቧል። ከክፍያ በፊት «ጋሼ» ነበርኩ፤ ስም ዝውውሩ እንዳለቀ «ወንድሜ» ሆንኩ፤ ሦስተኛ ጊዜ ስመላለስ «ያ ሰውዬ መጣ» ሲባል ከበር ሰማሁ። እኔም በበኩሌ መኪናዋን «እሷ» እል የነበርኩት «ይሄ ነገር» ማለት ጀምሬያለሁ።

በአራተኛው ጉዞዬ ሕግ ይዤ ሄድኩ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2287 ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት እንደሌለበት ለገዥው ዋስ ነው ይላል፤ ገዥውም ጉድለቱን እንዳየ ሳይዘገይ ማስታወቅ አለበት። ጮክ ብዬ አነበብኩለት። በትዕግሥት ሰማኝ።

«ሞዴሉ ስንት ነው?» አለኝ።

«የምኑ?»

«የሕጉ።»

«1952።»

«አሮጌ ነው ወንድሜ፤ መለዋወጫ አታገኝለትም።»

መለዋወጫ ያገኘሁት ሶማሌ ተራ ነው፤ ግን ለሕጉ ሳይሆን ለመኪናዋ፣ እሱም በከፊል።

አከርሎፍን ለመሞገት የሚያስደፍረኝ የመጨረሻው ግኝት ነው። የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አርጅተው በሚገቡ መኪኖች ላይ ክንዱን አበረታ፤ በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሲሆኑ ቪትዟ አንድ ጋራዥ ግቢ ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ዶሮ ኮፈኗ ላይ እያደረ፣ ቆማ ነበር። ባለፈው ሳምንት አንድ ደላላ ደወለ። የሰጠኝ ዋጋ ከገዛሁበት ይበልጣል። ከቤተሰባችን ምንም ሳይሠራ ገቢው የጨመረ እሷ ብቻ ናት። ደላላው ቀለሟን ጠየቀ፣ የሰሌዳ ኮዷን ጠየቀ፣ ሊብሬዋ በማን ስም እንደሆነ ጠየቀ። ትነሳለች ወይ ብሎ አልጠየቀኝም።