ወንበሩ ለማን ነው?

ጡት የጣልሁት በአራት ዓመቴ ነው። ልደብቀው ብፈልግም ዘመዶቼ አያስደብቁኝም፤ ሠርጌ ላይ እንኳ ያወሩት እሱን ነበር። ጥጃ ጠብቄ ስመለስ ዱላዬን ከምሰሶው አስደግፌ፣ መደብ ላይ ከተቀመጠችው እናቴ ፊት እቆምና፣ እንደ አባወራ «እስቲ አምጪ!» እል ነበር አሉ። እናቴ ሬት ቀባችው፤ ጠርጌ ጠባሁ። በርበሬ ነሰነሰችበት፤ እያለቀስሁ ጠባሁ። በመጨረሻ ያስጣለኝ ሬቱም በርበሬውም ሳይሆን ታናሽ እህቴ ናት። ተወልዳ ቦታዬን ያዘችብኝ።

በ2004 ዓ.ም. ግንቦት ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነበርሁ። አንድ ሾፌር ወዳጄ ስልኩን ዘርግቶ ታይም የተባለውን የአሜሪካ መጽሔት ሽፋን ሲያሳየኝ ክው አልሁ። በነገሩ አይደለም የደነገጥሁት፤ ልጁን የማውቀው መስሎኝ ነው።

ሽፋኑ ላይ ጄሚ ሊን ግሩሜት የምትባል የ26 ዓመት የሎስ አንጀለስ እናት ቆማለች። አራት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ልጇ ወንበር ላይ ቆሞ ይጠባል። ሁለቱም ዓይናቸውን ካሜራው ላይ ተክለዋል። በትልልቁ የተጻፈው ደግሞ «እናትነትሽ ይበቃል ወይ?» የሚል ዓይነት ጥያቄ ነው። አሜሪካ ለሁለት ተከፈለች፤ ገሚሱ ነውር አለ፣ ገሚሱ ጀግና አላት። የውስጡ ጽሑፍ በዋናነት ስለ ዶክተር ዊልያም ሲርስ ነበር፤ ልጅን ከጉያ አለመለየትን ስለሚሰብከው የሕፃናት ሐኪም። ማን አነበበው!

ስልኩን ይዤ ወደ ለመድሁት ሻይ ቤት ሄድሁ። ሻይ ቤት ስል ራኩባ ነው፤ አራት ቋሚ፣ ከላይ ሣር፣ ከሥር ከሰልና ጀበና። ገዳሪፍ የሰሊጥና የማሽላ አገር ናት። እህሉን ሱዳኖቹ ይነግዱታል፤ ለአጨዳው ከእኛ በኩል ጎርፎ የሚሄደውን ወጣት ቡና የምታጠጣው ደግሞ የእኛው አገር ሴት ናት። የእኔዋ ባለሻይ የደምቢያ ልጅ ነበረች። ሥዕሉን አየችና የመጀመሪያ ጥያቄዋ እንዲህ ሆነ፦

«ጋሼ፣ ይቺ ልጅ ምን አጥፍታ ነው የቆመችው?»

«እንዴት?»

«ወንበሩን ለልጁ ሰጥተው እሷን አቁመዋታል እኮ! እያጠባች! ወገቧስ?»

እውነቷን ነው። የአሜሪካ ሕዝብ ስለ ልጁ ዕድሜ ሲጨቃጨቅ ስለ ሴትየዋ ወገብ የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም። ፎቶ አንሺው ሥዕሉ እንዲያምር አስቦ ያደረገው ነው ብዬ ላስረዳት ሞከርሁ። «ኧረ ተወኝ! ቁጭ ብላ አታምርም?» አለችኝ።

አጠገቧ ቡና ትጠጣ የነበረች አንዲት ሀጃ ስልኩን ተቀበለችና፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ አቅርባም አርቃም አየችው። ከዚያ ሁለት ጣቷን ቀሰረች። «ሐውለይን» አለች። ሁለት ዓመት ማለቷ ነው። ቁርኣን ማሟላት ለፈለገ ሁለት ሙሉ ዓመት ይላል፤ የገዳሪፍ እናቶችም በወሩ፣ በቀኑ ይቆጥሩታል። «ከዚያ በኋላ ዐሲዳውን ይብላ። እንዲህ በእግሩ የቆመ ልጅ ዱቄት ለመግዛት ለምን አይላክም?»

እኔም ወሬ አላልቅ ብሎኝ፣ ይቺ ሴት ከኢትዮጵያ የወሰደችው የማደጎ ልጅ እንዳላት፣ እሱንም እንዳጠባችው ጨመርሁበት። (ያኔ ለውጭ አገር ሰው ልጅ በማደጎ መስጠት አልተከለከለም፤ የተከለከለው በ2010 ዓ.ም. ነው።) ባለሻይዋ ጀበናውን አስቀመጠች።

«ከእኛ አገር? እንግዲያ የጡት ልጅ አገኘች በላ!»

«አይቆጠርም» አለች ሀጃ። «ከሁለት ዓመት በኋላ የጠባ የጡት ዝምድና የለውም።»

«በእኛ ዘንድ ጢም ያወጣም ይቆጠራል!»

እዚህ ላይ ማስረዳቱ በእኔ ላይ ወደቀ። በቀድሞ ዘመን፣ አልሁ፣ አንድ ጎልማሳ ከባለጸጋ ወይም ከባለሥልጣን ዘንድ መጠጊያ ሲፈልግ፣ የሰውየውን ጡት ወይም ጣት ማር ቀብቶ ይጠባና የጡት ልጁ ይሆናል። ሀጃ በጥሞና ሰማችኝ።

«የሚጠባው ሰውዬ ነው?»

«አዎ።»

«የሚያጠባውም ሰውዬ ነው?»

«አዎ።»

ፍንጃሏን አስቀመጠች። «ሐበሻ!» አለች፤ ሌላ ምንም አልጨመረችም።

እንግዲህ እኛ ከዚህ አገር መጥተን በአንድ የአራት ዓመት ልጅ ልንደነቅ አንችልም። የዓለም ጤና ድርጅትም ቢሆን ስድስት ወር ጡት ብቻ፣ ከዚያ ከምግብ ጋር እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ነው የሚለው። ያቺን «ከዚያም በላይ» ለዘመዶቼ በተደጋጋሚ አሳይቻቸዋለሁ። አልተቀበሉኝም።

የእኛ ነገር የሚለየው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ማይክል በርክ እና ሞሐመድ አሚን ከኮረም ያመጡት ፊልም በቢቢሲ ከታየ ወዲህ፣ ልጇን ጡቷ ላይ ያደረገች የእኛ አገር እናት ለዓለም የረሃብ ምልክት ሆና ቀርታለች። ረሃቡ እውነት ነበር፤ ሥዕሉም አልዋሸም። ችግሩ ሥዕሉ ከዚያ በኋላ አልነሣ ማለቱ ነው። የአሜሪካዋ ጡት ሞልቶ ነውር ይሆናል፣ የእኛዋ ነጥፎ ዜና ይሆናል። ሞልቶላት፣ ጠግቦላት፣ ልጇ ጉያዋ ውስጥ ያንቀላፋላት እናት ለሽፋን የሚሆን ነገር የላትም።

ይህን የተረዳሁት በ2013 ዓ.ም. ኡም ራኩባ ነው። በሰባ ሰባቱ ረሃብ ዘመን ስደተኛ የሰፈረበት ያ ቦታ፣ በኅዳር የትግራዩን ጦርነት ሸሽቶ ወደ ሱዳን ለተሻገረው ሕዝብ እንደገና ተከፈተ። ስሙ ራሱ «የዳስ እናት» እንደ ማለት ነው። ለአንድ ፎቶ አንሺ አስተርጓሚ ሆኜ ሄድሁ። ከሁመራ በኩል የመጣች፣ አማርኛ አቀላጥፋ የምትናገር ሴት ሁለት ዓመት ተኩል የሚሆነውን ልጇን እያጠባች ነበር። ፎቶ አንሺው ካሜራውን አነጣጠረ። በዚያች ቅጽበት ልጁ ነከሳት።

«አንተ የእናት ጡት ነካሽ!» ብላ ጮኸችበት።

በዙሪያው የነበረው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ሴትየዋም ራሷ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ፎቶ አንሺው ምን አለች አለኝ። ከሃዲ የምንሰድብበት ቃል ነው አልሁት። «ማንን ነው ከሃዲ ያለችው?» ብሎ ደብተሩን አወጣ፤ ትልቅ የፖለቲካ ወሬ የተገኘ መስሎት። «ይህን ሕፃን» አልሁት። ደብተሩን መለሰ። ቀጥሎ ትንሽ ዝም አለና፣ «እንዳትስቅ ንገርልኝ» አለ።

አፌ እየተያያዘ ነገርኋት።

«ምን ሆነሻል ብለው ነው የማልስቀው?» አለች። «የሆንሁትንማ እኔ አውቀዋለሁ። አሁን ግን የነከሰኝ ልጄ ነው።»

ለፎቶ አንሺው «እሺ ብላለች» ብዬ ተረጎምሁ። እስካሁን ይጸጽተኛል።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ተኩስ ሲከፈት ጉዞው ተገለበጠ። ትናንት እኛ ወደ ገላባት ስንሻገር «አህለን» ይሉን የነበሩት ዛሬ ሻንጣቸውን ይዘው ወደ መተማ መጡ። ባለሻይዋም ከገዳሪፍ ተመልሳ መተማ ዮሐንስ ላይ ዳስ ጥላለች። ጀበናው ያው ነው፤ የተሻሻለው ወንበሩ ነው፣ ፕላስቲክ ገዝታለች።

አንድ ቀን እሷ ዘንድ ተቀምጬ ሳለሁ አንዲት ሱዳናዊት እናት ከተሰለፈው ሰው መሐል ቆማ፣ ቶቧን ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ ሦስት ዓመት የሚሆነውን ልጅ ታጠባለች። ልጁ ከባድ ነው፤ ክንዷ ዝሎ ወደ አንድ ጎን አዘንብላለች። ካሜራ ያንገተ አንድ ጎረምሳ ከወዲያ መጥቶ ይዞራት ጀመር። ባለሻይዋ አየችው፣ ሴትየዋንም አየች፣ ከዚያ አንድ ወንበር አናቷ ላይ ገልብጣ ብድግ አለች።

«እማማ፣ ትንሽ ዞር በይልኝ» አለ ጎረምሳው።

«ሻይ ትጠጣለህ አትጠጣም?» ብላው አልፋው ሄደች። ወንበሩን ሴትየዋ እግር ሥር አስቀመጠችና በአማርኛም በአረብኛም፣ «ቁጭ በይ እህቴ፣ ኡግዑዲ» አለቻት።

ሴትየዋ እፎይ ብላ ልጁን ወደ መሬት አወረደችው። ልትቀመጥ ጎንበስ ስትል ግን ልጁ ቀደማትና ወንበሩ ላይ ወጥቶ ቆመ። ቁመቱ ልክ ሆነለት። አፉን ከፈተ።

ጎረምሳው አነሣ። እኔ ሻዬ ትን አለኝ። ባለሻይዋ እየተራገመች ሁለተኛ ወንበር ልታመጣ ተመለሰች።